ማኅተም ያለበት ምስጢር

ጋሽ ጸጋዬን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው። ግማሹ ብቻ። ሌላውን ግማሽ የሃያ ሁለት ዓመት የእድር ጸሐፊነቱ ይውሰድ።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት ቢሮ ነበረችን። በአንደኛዋ ጠበቃው ሐቲም ይቀመጣል፣ በሌላዋ እኔና የማይዞር ቬንቲሌተር። ሥራችን ለመናገር ቀላል ነው። ክኒን የሚውጠውንና አይስ የሚሉትን ዕፅ የሚያጨሰውን ሰው «ተው» ብለን አንጮህበትም፤ እስኪተው ድረስ እንዳይሞት እናስተምረዋለን። ፖሊስ ከያዘው ደግሞ ምን እንደሚል፣ ምን ላይ እንደማይፈርም እንነግረዋለን። ሱዳኖቹ ቀስ በቀስ ለመዱን። የእናቴ ወገኖች፣ ሐበሾቹ፣ ግን ዝር አላሉም። እናቴ የጎንደር ሰው ብትሆንም እኔን ሲያዩ የሚታያቸው አባቴ ነው። ነሕላ የሚባል ስም ይዤ፣ ሐበሾች በሚበዙበት በጀሪፍ ሰፈር በተማርኩት ስብርባሪ አማርኛ «ዛሬ ምን ወሰድክ?» ስላቸው ጆሮ ጠቢ እመስላቸዋለሁ።

ስለዚህ የሚያምኑት ሰው ፈለግን፤ ሁሉም ጋሽ ጸጋዬን ጠቆሙን። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የማን አጎት መቼ እንደሞተ ከነሰዓቱ የሚያውቅ። ሁለት ቀን አሠለጠንኩት። የወደቀን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ብቻውን ጥሎ አለመሄድ፣ ወተት በአፉ አለማንቆርቆር፣ ክኒንን ከዓረቄ ጋር አለመቀላቀል፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው በአንድ ጀምበር ከማቆም ከሐኪም ጋር ሆኖ ቀስ እያለ መቀነስ። ሁሉንም ከእኔ አስበልጦ ያዘ። የመጨረሻውን ትምህርት የሰጠው ሐቲም ነበር። «ያ ጀማዓ፣ ሰዎች፣ ስም አይጻፍም። ወረቀት በሰው ላይ ይመሰክራል» አለ። ጋሽ ጸጋዬ ይህንንም ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት።

እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ከሶባ እስከ ጀሪፍ በሚኒባስ እየተንገላታ ሠራ። እኔን በር የሚዘጉብኝ ሰዎች እሱን አልጋቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ሐሙስ ሐሙስ ቢሮ መጥቶ ሰዎቹን በቁጥር እየጠራ በቃሉ ሪፖርት ያቀርባል፤ ቁጥር ስድስት እንዲህ ሆነ፣ ቁጥር አሥራ አንድ እንዲህ አለ፣ ብሎ አንዲት ነገር ሳይዘነጋ። የጭንቅላቱ ነገር እየገረመኝ «ማሻአላህ» እለው ነበር። ሞኝ ነኝ እኮ።

አንድ ሰኞ ስልክ ተደወለ። ጋሽ ጸጋዬ ከሶባ ሲመለስ ኬላ ላይ ቦርሳው ተፈትሾ ተይዟል። እኔና ሐቲም ወደ ቂስሙ፣ ማለትም ወደ ፖሊስ ጣቢያው፣ በሩጫ ሄድን።

መኮንኑ፣ ምክትል መቶ አለቃው፣ ሙላዚም ሂሻም ይባላል፤ ወጣት ነው፣ የደከመው ፊት አለው። ጠረጴዛው ላይ ያየሁትን ግን እስከዛሬ አልረሳውም። አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ አንድ ክንድ የሚሆን የእድር መዝገብ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሚወስደው ዓይነት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ደግሞ በቀን ስንት። የዓምዶቹ ርእስ በዐረብኛም ተተርጉሟል፤ በኋላ ስጠይቀው «ሕጋዊ ይሁን ብዬ ነው» አለኝ። በየገጹ ግርጌ የእድሩ ክብ ማኅተም ደምቆ ተመትቷል።

«ሃያ ሦስት ሰው፣ ቀን፣ የክኒን ብዛት» አለ ሙላዚሙ። «የአዘዋዋሪ የደንበኞች መዝገብ ነው። ነገ ጠዋት ንያባ፣ ዐቃቤ ሕጉ ፊት ይቀርባል። ወይ ደግሞ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያሳየኛል።»

በአዘዋዋሪነት ከተከሰሰ ዕድሜው የሚያልቀው እስር ቤት ነው። ሰዎቹን ካሳየ ደግሞ ሃያ ሦስቱም ሳይመሽ ይለቀማሉ፤ ከዚያ በኋላ ካርቱም ውስጥ የሚወድቅ ሐበሻ ሁሉ ማንንም ሳይጠራ ይሞታል።

ጋሽ ጸጋዬ ጥግ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጠበቃ እስኪመጣ አፍን መዝጋት እንደሚገባ ለሃያ ሦስት ሰው ያስተማረው ሰው፣ እሱ ራሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ነበር።

«ይሄ ሽማግሌ» አለኝ ሙላዚሙ፣ «ቃሉን ስቀበል ቀን አልጻፍክም ብሎ አርሞኛል። ገጹንም ቁጥር እንድሰጠው አድርጓል።»

«የማይቆጠር ገጽ ይቀደዳል» አለ ጋሽ ጸጋዬ በዐረብኛ፣ ለወጣቱ ደግ ነገር እንዳደረገለት ሁሉ።

ወደ አማርኛ ዞርኩና ጥርሴን ነክሼ፣ «ጋሼ፣ ስም አትጻፍ አላልንህም?»

«አልጻፍኩም።»

«ይሄ ታዲያ ምንድነው? ወላሂ ልሞት ነው!»

«የክርስትና ስማቸው ነው። የዓለም ስማቸውን አልነካሁም። የክርስትና ስምን እግዜርና የንስሐ አባት ካላወቁት ማን ያውቀዋል?» አለኝ፤ ቅር ብሎት።

ልስመው ወይስ ልምታው አላወቅሁም።

ጣቢያው አስተርጓሚ አልነበረውም፤ ሙላዚሙ እኔን እንዳነብ አዘዘኝ። ሐቲም «ሕጋዊ አስተርጓሚ አይደለችም» ብሎ ተከራከረ፤ አልተሳካም። «የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ጀመርኩ። ወልደ ገብርኤል። ገብረ ማርያም። ወለተ ጻድቅ። ወልደ ሚካኤል። ገብረ ሕይወት። ወልደ ሰንበት።

ሙላዚሙ ስድስት ጻፈና ብዕሩን አቆመ። «ወልደ፣ ወልደ፣ ገብረ፣ ገብረ። የአንድ አባት ልጆች ናቸው?»

«በመንፈስ፣ አዎ» አለ ጋሽ ጸጋዬ።

«አንተን አልጠየቅኩም፣ ያ ሐጅ።»

አንዱ ወታደር ስሞቹን ይዞ ከኢቃማ ዝርዝሩ ጋር ሊያመሳክር ሄደ፤ ተመልሶ መጥቶ አንዱም እንደሌለ ተናገረ። እነዚህ ስሞች ያሉት በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ሳይሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ውስጥ ነው። እኔ ንባቤን ቀጠልኩ። ዐሥረኛው ላይ ስደርስ ተንተባተብኩ፤ «ጎረቤት አንደኛ» ይላል። ቀጥሎ «ጎረቤት ሁለተኛ»።

«ጎረቤት ሁለተኛ ማነው ደግሞ?» አለ ሙላዚሙ።

«የክርስትና ስም የሌላቸው ናቸው፤ እስላሞቹ» አለኝ ጋሽ ጸጋዬ በአማርኛ። «በስማቸው ልጽፋቸው አልችልም፣ ቃል ገብቻለሁ። ጎረቤትነታቸው ግን አይካድም።»

ሙላዚሙ ስሞቹን ተስፋ ቆረጠባቸውና ቁጥሮቹን ማየት ጀመረ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ፦ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አራት። ሌላው፦ ስድስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ሦስት። ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ጋሽ ጸጋዬን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ያ ሐጅ፣ ደንበኞችህ በሙሉ በየሳምንቱ እየቀነሱ ነው። እንዲህ የከሰረ ነጋዴ ከተወለድኩ አላየሁም።»

ወታደሩ ሳቀ፣ ሐቲም ሳቀ፣ እኔም ከጭንቀቴ የተነሳ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ሙላዚሙ ራሱ ፈገግ እንዳለ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይሄኛውማ ጎበዝ ነው። ጭራሽ አቁሟል።»

አሥራ አራተኛው መስመር ነበር። ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ከዚያ ባዶ። አጠገቡ በአማርኛ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ አውቃታለሁ፣ ግን ከአፌ አልወጣ አለች።

ጋሽ ጸጋዬ ራሱ በዐረብኛ መለሰ። «ሞቷል። ሶባ ነው። ሲወድቅ ሁለት ጓደኞቹ አብረውት ነበሩ። ሆስፒታሉ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ግን ፖሊስ ይጠራብናል ብለው ፈሩ። ውሃ ደፉበትና ሮጡ። እሱን አስተምሬው ነበር፣ ጓደኞቹን ግን አላስተማርኳቸውም። እኔ ስደርስ ቀዝቅዟል።»

ሙላዚሙ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሳ።

«አለቃዬ ይጠይቀኛል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ይሄ የሕክምና መዝገብ ነው፣ እኔም አለሁበት የሚል አንድ ሰው አምጡልኝ። አንድ ብቻ። ያለዚያ ነገ ንያባ ነው።»

ማንን ልጥራ? በሕይወት ካሉት ከሃያ ሁለቱ አንዱን ብጠራ፣ የቀሩት በሩን ለዘላለም ይዘጉብናል። ሐቲም ወደ ጋሽ ጸጋዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንዲት ቃል እንዳትወጣህ፤ ፍርድ ቤት እንከራከራለን» አለው።

ጋሽ ጸጋዬ ተነሳ። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ በጣቱ ፈትሾ እንደተቆለፈ አረጋገጠ።

«ተራ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ» አለ። «ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስሜ ነው። በቀን ስምንት ነበር፤ አሁን ሦስት ደርሻለሁ። ጻፍ። ቀኑንም አትርሳ።»

ሐቲም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሙላዚም ሂሻም አልጻፈም። ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተ፣ መዝገቡን ዘጋና በጠረጴዛው ላይ ወደ ጋሽ ጸጋዬ ገፋው። «ለአለቃዬ የምለውን እኔ አውቃለሁ። የከሰረ ነጋዴ አላስርም። ያላ፣ ውጣ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ሐቲም እስከ ውጭው በር ድረስ ሲቆጣ ቆየና መዝገቡን ቀምቶ ሊቆልፍበት ይዞት ሄደ። እኔና ጋሽ ጸጋዬ ወደ አል-ሳሃፋ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ጉልበቱ አላርፍ ብሎታል። ጠዋት ስለያዙት የቀኑን ክኒን እንዳልወሰደ ያኔ ገባኝ።

«ቤትህ ድረስ አብሬህ እመጣለሁ፤ ለሐኪሙም ከዚያ እደውላለሁ።»

«ቤቱ አልተጠረገም።»

«ጋሼ፣ ኻላስ፣ በቃ!»

ትንሽ ሄድን። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ባለቤቴ ካረፈች። ወገቤን አሞኝ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ወገቤ አልነበረም።»

ሦስት ወር ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ስለ ሰው ሁሉ ስጠይቀው ስለ እሱ አንዲት ቀን አልጠየቅኩም። አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ፣ እንደ ልማዴ፣ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ፤ በእኔ ተገርሞ። «ሐሙስ ሐሙስ ‹ቁጥር አንድ ከስምንት ወደ ስድስት ወርዷል፣ ግን ማታ ማታ ይከብደዋል› ስልሽ፣ ‹ብቻህን አይደለህም በለው› ትይኝ ነበር።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ።

«እኔም ቤት ስገባ እለው ነበር።»