የረጋ አንቀበልም

ግሩም ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ላይ ቱቦ ስጎትት፣ እሱ በዚያ ገንዘብ ተማረ። ቤቴል ሰፈር የሠራውን ቤት ሲያስመርቅ ሚስቱ ጥሩብርሃን ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከዕቃ አጣቢዎቹ ጋር አስቀመጠችኝ። ግሩም አየኝ። አይቶኝ ፊቱን ወደ እንግዶቹ መለሰ። ይህን አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈልግም።

ዘንድሮ ሳንባውን ታመመና ከፋርማሲ መድኃኒት እያከታተለ ዋጠ። ሳሉ ለቀቀው፤ ሆዱ ግን ውሃ ሆነ። ሐኪሙ ሰገራው ላብራቶሪ ይታይ አለ።

«መድኃኒቱ የሆዱን ደህና ደህናውን ባክቴሪያ ጨርሶ፣ መርዝ የሚያመነጨው ብቻውን ቀርቶ ይሆናል። እሱ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ዝም ካልነው አንጀቱን ይጎዳዋል፤ ሊገድለውም ይችላል።»

ምርመራው ያለው ጦር ኃይሎች ካለ ላብራቶሪ ነው። ጥሩብርሃን ደወለችልኝ። ሐኪሙን «እርስዎ» ትላለች፤ እኔን የባሏን ታላቅ «አንተ»።

«ዱባለ፣ እስቲ ናና የሰገራውን ብልቃጥ ላብራቶሪ አድርስልኝ። ልጃችንን ፋሲካን እንዳልልካት ገና ልጅ ናት፣ ትጸየፋለች። ላንተ እንደሆነ ሥራህ ነው።»

«ሥራዬ የሰፈሩ ነው፤ የወንድሜ አይደለም።»

«ኧረ ባክህ አትቀልድ!»

ሄድኩ። ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልላ በሽቶ ቤት ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ስቀመጥ ወያላው አየኝ።

«ፋዘር፣ ምሳ ነው? አካፍሉና!»

«ይድረስህ» አልኩት።

ላብራቶሪው ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሌሊሴ የምትባል ልጅ ተቀበለችኝ። «ታላቅ ወንድሙ ነኝ» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። ብልቃጡን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የረጋ ነው። አንቀበልም።»

«እንዴት! ሰውዬው ውሃ አይደል እንዴ የሚያስቀምጠው?»

«የምንፈልገውማ እሱን ነው። ብልቃጡ ሲዘነብል አብሮ የሚፈሰውን። በረጋው ብንሠራ ውጤቱ አያስተማምንም። የተቅማጥ ማስቆሚያ ሰጣችሁት እንዴ?»

ለጥሩብርሃን ደወልኩ። የተባለውን ነገርኳት።

«ታዲያ እንዲያ ያለ ነገር ሰው ፊት ይቀርባል? ክኒን ሰጠሁት፣ ገንፎ አበላሁት፣ ደህና እስኪወጣው ጠበቅን። ስሙ እኮ ተጽፎበታል! ግሩምም ያለዚያ አይሄድም ብሏል።»

ለሰገራም ይሉኝታ አላቸው። ለእኔ ያልነበራቸው ይሉኝታ።

ሌሊሴ ስልኩን ተቀበለችኝ። «እናቴ፣ ማስቆሚያውን አሁኑኑ ይተዉት። መርዙ ውስጥ ይቀራል። ለሐኪሙም ይንገሩት።»

በማግስቱ የግሩም ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ትኩሳቱም ጨመረ። ክሊኒክ አስተኙት። ያ የተፈለገው ውሃ ሲመጣ ብልቃጡን ይዤ የቆምኩት አልጋው አጠገብ ነበር። ሐኪሙ ገባና ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎስ ምኑ ነዎት?»

አፌን ሳልከፍት ግሩም ቀደመኝ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ድምፁ አይሰማም።

«ቤት የሚያግዘን ሰው ነው።»

ውሃ ለመጠጣት አቅም አጥቶ በማንኪያ ይሰጡታል፤ ለዚህ ግን አቅም አላጣም። ጥሩብርሃን አንሶላውን ማስተካከል ጀመረች።

ወጣሁ። ጦር ኃይሎች ከታክሲ ስወርድ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ ቆምኩ። እጄን ብከፍት ያልቃል። ማን ያውቃል? የረጋ ነው ብለው መለሱኝ ብል ያምኑኛል። እዚያው እንደቆምኩ ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየገፋኝ አለፈ። ከዚያ እናታችን ትዝ አለችኝና ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ፤ ለእሱ ብዬ አይደለም።

ሌሊሴ ብልቃጡን አዘነበለችው፤ ፈሰሰ።

«አሁን ተገኘ! እንዴት ነው ታዲያ ወንድምዎ?»

«ወንድሜ አይደለም። ቤታቸው የማግዝ ሰው ነኝ።»

ግራ ገብቷት አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

መርዙ ተገኘ። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ግሩም ዳነ፣ ቢሮውም ተመለሰ። እኔን ግን የጠራኝ የለም።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ ጥሩብርሃን ደወለች። ልታመሰግነኝ ነው አልኩ።

«ዱባለ፣ እሑድ ለግሩም የምስጋና ድግስ አለን። ሽንት ቤቱ ደግሞ ሞልቷል። መኪናውን ይዘህ ቅዳሜ ና፣ እንግዳ ሳይመጣ።»

«እመቤቴ፣» አልኳት፣ ለማላውቀው ደንበኛ በምናገርበት ድምፅ፣ «በዚህ ሳምንት ተራ የለም። ሌላ ቦታ ይጠይቁ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቼ ዋልኩ፤ መኪናውም ቤቴ በር ላይ ቆሞ ዋለ።