ሁልጊዜ «አለ» የሚል መጋዘን

ሕሊናን በዚያ ግንቦት ያደከማት የሥራው ብዛት አልነበረም። ሥራው አላልቅ ማለቱ ነበር።

ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የቆርቆሮና ምስማር መሸጫ በላይ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራለች። ቢሮው የኮሌጅ ጓደኛዋ የእንዳለው ነው፤ ከሁለቱ በቀር ሠራተኛ የለም። አንድ የገበሬዎች ማኅበር በየቀበሌው የሚቆም ስክሪን አዟቸው ነበር። ገበሬው ቁጥሩን ያስገባል፣ ከታች ያለውን ቁልፍ ይነካል፣ ስክሪኑም ቡሬ ያለውን የማኅበሩን መጋዘን ኮምፒውተር ጠይቆ ማዳበሪያው መድረስ አለመድረሱን ይነግረዋል። ሰው በከንቱ እንዳይመላለስ ነበር የታሰበው።

ሕሊና ስክሪኑን ከጨረሰች ሰንብታለች። የቡሬው ኮምፒውተር ግን አልተገናኘም። አንዴ መስመር የለም ይባላል፣ አንዴ መብራት፣ አንዴ ደግሞ የሚፈቅደው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ኮዷን የምትፈትነው በምትክ ነበር። የሙያው ሰዎች «ሞክ» ይሉታል፤ እሷ «አስመሳይ» ትለዋለች። የመጋዘኑን ኮምፒውተር መስሎ የሚቆም፣ ሲጠየቅም እሷ አስቀድማ የጻፈችለትን ብቻ የሚመልስ አጭር ኮድ ነው። አንዱ አስመሳይ «አለ» ይላል፤ ያኔ ስክሪኑ አረንጓዴ ጽሑፍ ማውጣቱን ታረጋግጣለች። ሌላው «የለም» ይላል፤ ያኔ ጽሑፉ ቢጫ መሆን አለበት። ገበሬው ቸኩሎ ቁልፉን ደጋግሞ ቢነካ ጥያቄው አንዴ ብቻ መላኩን የምታይበትም ፈተና አላት።

ጠዋት ገብታ ፈተናዎቹን ታስኬዳለች፤ ሁሉም ያልፋሉ። ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች፤ አሁንም ያልፋሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ታስኬዳቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ራሷ ጠያቂ፣ ራሷ መላሽ ሆና መዋሏ እየሰለቻት መጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንዳለው ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም በቅጡ ከተኛ ቆይቷል።

«ማኅበሩ የምርቃቱን ቀን ቆርጧል» አላት። «ሐሙስ ነው። እንግዶች አሉ፣ ገበሬዎችም ተጠርተዋል።»

«ቡሬ ሳይገናኝ?»

«ቡሬማ በዚህ ሳምንት አይገናኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምናሳየው?»

እንዳለው በጣቱ ወደ ኮምፒውተሯ ጠቆመ። «ያንን አለ የሚለውን አስመሳይ ፕሮግራሙ ውስጥ ተይው። እኔ ራሴ የሆነ ቁጥር አስገባለሁ፣ አረንጓዴው ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። ለአንድ ጠዋት ነው።»

«እሱ ለፈተና ነው እንዳለው። ሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ግን ሐሙስ የሚታይ ነገር ከሌለ ውሉ ይፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ ደግሞ ይህቺን ቢሮ እንዘጋለን።»

ሕሊና ልትከራከረው ፈለገች። ሳምንታት ሙሉ ስልክ ከማያነሱ ሰዎች ጋር፣ ከመስመርና ከመብራት ጋር ስትከራከር ነው የከረመችው፤ ለእንዳለው የተረፈ ጉልበት አልነበራትም። «እሺ» አለችው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ንግግሩ ረዘመ። የእንዳለው ተራ ደርሶ ስክሪኑ ፊት ቆመና ቁጥሩን ሊያስገባ ሲል፣ ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ «ገበሬው ራሱ ቢሞክረው አይሻልም?» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እንዳለው ዞር ብሎ ሕሊናን አያት። እሷም አየችው። የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ቢያንስ ለሁለቱም በዚያች ሰዓት እንደዚያ መሰላቸው።

አያ ባዬ የሚባሉ፣ ከጅጋ በኩል የመጡ ሽማግሌ ተነሡ። ዱላቸውን አጠገባቸው ለነበረ ሰው ሰጥተው ወደ መድረኩ ወጡ። ቁጥራቸውን በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድ በአንድ እየነኩ አስገቡትና ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪኑ ሳይዘገይ መለሰ፦ «ማዳበሪያዎ ቡሬ መጋዘን ደርሷል። ሄደው መውሰድ ይችላሉ።»

አያ ባዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለስክሪኑ እጅ ነሡ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሕሊና ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ አያ ባዬን ብትፈልግ አጣቻቸው። ዱላቸውን ይዞላቸው የነበረውን ሰው ጠየቀችው።

«እሳቸውማ ቡሬ ሄዱ» አላት። «ደርሷል ተባሉ አይደል? ምሳ ብሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። የበቆሎው መዝሪያ እያለፈባቸው ነው።»

ሕሊና ለእንዳለው ሳትነግረው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዳ ቡሬ የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው ልትል አሰበች፤ አልተበላሸም። ስህተት ተፈጥሮ ነው ልትል አሰበች፤ ኮዱ የተነገረውን ነው ያደረገው። ቡሬ እስክትደርስ የሚሆን ቃል አላገኘችም።

አያ ባዬ መጋዘኑ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ለጭነት የያዙት የፈረስ ጋሪ ቆሟል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሸጋዬ ክንዷን አጣጥፋ በሩን ተደግፋለች።

«አንች ከስክሪኑ ሰዎች ነሽ?» አለቻት። «እኒህ አባት ደርሷል ተብያለሁ ይላሉ። ገብተው ይዩት ብዬ ባዶውን ወለል አሳየኋቸው። ሌላ ቦታ ደብቃችሁት ነው አሉኝ።»

ሕሊና አያ ባዬ ፊት ቁጢጥ አለች። «አያ ባዬ፣ ማዳበሪያው አልመጣም። ጠዋት ያነበቡት እውነት አይደለም።»

«ደርሷል ነው እኮ የሚለው ልጄ። ዓይኔ ገና ደህና ነው።»

«ይላል። ግን ይህን መጋዘን ጠይቆ አይደለም። ሁለቱ ገና አልተገናኙም።»

«ታዲያ ማነው የመለሰልኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሕሊና። «ስክሪኑ በደንብ መሥራቱን ለማየት ብዬ መልሱን አስቀድሜ ጽፌው ነበር። ማንም ሰው፣ ምንም ቁጥር ቢያስገባ፣ አለ ይላል።»

«የእኔ ቁጥር ባይሆንም?»

«ባይሆንም።»

አያ ባዬ ወደ ባዶው መጋዘን ዞር ብለው አዩ። «እኔ እኮ አውቆኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ሸጋዬ ከበሩ ላይ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ውኃ ይዛላቸው ነበር።

አያ ባዬ ውኃውን ጠጥተው «ሌላም ነገር አለ» አሉ። «ስወጣ ለጎረቤቶቼ ደውያለሁ። የእኔ ደርሷል፣ የእናንተም ሳይደርስ አይቀርም፣ ቶሎ ድረሱ አልኳቸው። አሁን ተመለሱ ልላቸው ብሞክር መስመሩ እምቢ አለኝ።»

ሕሊና በራሷ ስልክ ሞከረች። አልሠራም። ስለዚህ ከአያ ባዬ ጎን ቁጭ ብላ መጠበቅ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ አንድም ሁለትም እየሆኑ መጡ። ሥራ ፈትተው፣ ከብት ለሰው አደራ ብለው የመጡ ናቸው። አያ ባዬ ለእያንዳንዱ «ይህች ልጅ የምትነግራችሁ አለ፣ ስሟት» ይላሉ፤ ሕሊናም ተነሥታ ያንኑ ትናገራለች። ያዘዘኝ እንዳለው ነው አላለችም፤ መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብቻ ነበር የምትለው። አንዱ ሰውዬ ጀርባውን ሰጣት። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገሩ አልገባት ብሎ ደጋግማ አስነገረቻት፤ ከገባት በኋላ ደግሞ፣ «እና እንዲህ ያለው ነገር ምን ያደርግላችኋል?» አለቻት። ሕሊና ምትክ ለምን እንደሚያስፈልግ ልታስረዳት ጀመረችና ተወችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም በአንድ አይሱዙ ተጭነው ተመለሱ፤ እሷንም ፍኖተ ሰላም አወረዷት።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው አስመሳዮቹን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ከሚጫነው ፕሮግራም ማውጣት ነበር። ከእንግዲህ እዚያው የፈተናው ክፍል ውስጥ ብቻ ይኖራሉ። ከዚያ አዲስ አስመሳይ ጻፈች፤ ይኸኛው ሲጠየቅ ምንም አይመልስም። ያን ሁሉ ጊዜ ስትፈትን ዝም የሚል መጋዘን ጽፋ አታውቅም ነበር፤ የእውነተኛው መጋዘን ጠባይ ግን ያ ነው። ፈተናውን ስታስኬደው ወደቀ። ስክሪኑ «በመጠበቅ ላይ» ብሎ እዚያው ቀረ። እስከ ምሳ ሰዓት ስታስተካክለው ቆየች።

እንዳለው የገባው ያኔ ነው። «ማኅበሩ ተደስቷል» አላት። «ሰኞ በየቀበሌው ይተከል ብለዋል። ትናንት የት ጠፍተሽ ነው?»

ኮምፒውተሯን አዞረችለት። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከመጋዘኑ መልስ አልመጣም። ከመሄድዎ በፊት በስልክ ይጠይቁ።» ከሥሩ የሸጋዬ ስልክ አለ።

«ይህን የሚል ስክሪን ማን ይቀበለናል?» አለ እንዳለው።

«አላውቅም» አለችና ቡሬ ያየችውን ነገረችው።

እስክትጨርስ አላቋረጣት። ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። «መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለማኅበሩ ሊደውል ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል፤ ቃሉን አልለየችውም።

ማኅበሩ ውሉን አላፈረሰም፣ ግን አሳነሰው። ስክሪኑ ለጊዜው ጅጋ ብቻ ቆመ፤ ሌላው ቡሬ ሲገናኝ ይታያል ተባለ። እንዳለው ማታ ማታ ለተማሪዎች ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረ። ቡሬ እስካሁን አልተገናኘም።

ሰኔ ሲገባ አያ ባዬ ደወሉላት። «መልስ አልመጣም ይላል» አሉ።

«ልክ ነው አያ ባዬ። ቆይ ሸጋዬን ልጠይቅልዎ።»

ጠይቃ መልሳ ደወለችላቸው፤ የለም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደውላሉ፤ እሷም ሸጋዬን ትጠይቃለች። አንዳንዴ በሥራ መሃል ሲደውሉ ይሰለቻታል፤ ግን ስልኩን ታነሣለች። ማዳበሪያው የመጣው ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ለአያ ባዬ የደረሳቸውም ከሚፈልጉት ያነሰ ነበር። በቆሎውን ቀድመው በፍግ ዘርተውት ስለነበር ያገኙትን ለጤፉ አስቀመጡት።

«በቆሎው እንዴት ሆነ?» አለቻቸው።

«ቀጫጫ ነው» አሉ። «በቅሏል ግን። ወንዙ ዳር ያለው ይሻላል።» ከዚያ ዝናቡ እየመጣ መሆኑን፣ በሬዎቹን ማስገባት እንዳለባቸው ነገሯትና ስልኩን ዘጉ።