የባቡሩ ዘፈን ተቀባዮች

አለሚቱ ባቡር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ስለ ባቡር ግን ሰባት ዘፈን አውጥታለች። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያለው ሰው ሾላ ምንጭን አያውቃትም ማለት ነው። ከመርሳ ወጣ ብላ ያለችው ይህች መንደር በ2007 ዓ.ም. ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያላየችውን ባቡር ስትናፍቅ ከረመች፤ ናፍቆቱን ያስያዘቻት ደግሞ አለሚቱ ናት።

ሴትዮዋ ግጥም አውራጅ ነበረች። ሠርግም ሆነ ደቦ፣ ክርስትናም ሆነ ለቅሶ፣ እሷ ሳትመጣ ማንም አፉን አይከፍትም። ድምጿ ሻከር ያለ ነው፤ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንድ ልጇን መስከረምን ይዛ የምትኖረው ከጎረቤቷ ከደብሪቱ ቤት ጎን ነው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር የይስሙላ ነው፤ ጨውም፣ በርበሬም፣ ልጅም በላዩ ሲሻገር ኖሯል። የደብሪቱ ልጅ ተስፋዬ በየትኛው ቤት እንዳደገ ለመናገር ይቸግራል። ገና በስምንት ዓመቱ «እታለም፣ ልቀበልሽ?» እያለ በየሠርጉ ይከተላት ነበር፤ ሲጎረምስ ከእሱ የሚሻል ተቀባይ በዚያ አገር ጠፋ።

የመቀበልን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በሾላ ምንጭ አውራጅ ስንኟን ስትጥል ሰው ያነሳዋል። ደስ ቢለውም ባይለውም ያነሳዋል። አለመቀበል እንግዳን ከደጅ እንደመመለስ ነው፤ ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳ ባላንጣው ሲያወርድ አጨብጭቦ ይቀበልና ጠቡን ከጭፈራው በኋላ ይቀጥላል። መቀበል ማለት «ተስማማሁ» ማለት እንዳልሆነ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የባቡሩን ስብሰባ ሊመራ ከላይ የተላከው አማኑኤል ግን እዚያ አላደገም፤ ወይም አድጎ ረስቶታል፤ ወይም ደግሞ አሳምሮ ያውቀዋል። የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

አማኑኤል ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብሎ አለሚቱ ቤት መጣ። የባቡሩ መስመር በመንደሩ የመስኖ ማሳ ላይ እንደሚያልፍ፣ ገበሬውም እንዳኮረፈ ነገራት።

«ሕዝቡ ያንቺን አፍ ነው የሚሰማው። ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ብትይን» አላት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መስከረም ወርወር አድርጎ፣ «ልጅሽ አሥረኛን ጨርሳ ተቀምጣለች አሉ። የባቡር መስመሩ ሠራተኞች ካምፕ ሲከፈት ለኩሽናው ሰው ይፈለጋል።»

አለሚቱ የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ነበር። የመስከረም ጓደኞች ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ዓረብ አገር እየነጎዱ ነው፤ ልጅቷም ማታ ማታ ከስልኳ ጋር መንሾካሾክ ጀምራለች። ሥራ ካገኘች ትቀመጣለች። ይህን ካሰበች በኋላ ሌላ ማሰብ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ዘውዱ ዘንድ ሄደች። ዘውዱ በወታደርነቱ ዘመን ከድሬዳዋ አንዴ በባቡር ተሳፍሮ ነበር፤ ያንን አንድ ጉዞ ሃያ አምስት ዓመት ሲያወራው ኖሯል። «ድምፁ እንዴት ነው?» ብትለው ባዶ ጀሪካን ገልብጦ በመዳፉ መታላት፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። አለሚቱ ያንን አመታት ቤቷ ወስዳ ከበሮዋ ላይ ጫነችው። እውነቱን ለመናገር ወደደችው። ዘፈኖቹ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣላትና በሳምንት ውስጥ ሰባት ሆኑ። ተስፋዬ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሁሉንም ሰማና «እኔ ሰባተኛውን ነው የምወደው» አላት።

የስብሰባው ቀን ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ። አማኑኤል ስለ ልማት ሲናገር ሁሉም መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ሸህ አብዱልሐሊም በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። የመንደሩን ብርቱካን መጀመሪያ የተከሉ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ይኼ ባቡር እኛ ዘንድ ይቆማል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሒደት የሚታይ ይሆናል» አለ አማኑኤል። «ከዚያ በፊት ግን እስቲ አለሚቱ ታነቃቃን።»

አለሚቱ ከበሮዋን አነሳች።

«ግቢዬን ጠርጌ ውሃ አርከፍክፌ፣
ባቡሩን ልቀበል ቆሜ ከደጃፌ።»

«ና ባቡሩ ና!» ብሎ መጀመሪያ የተቀበለ ተስፋዬ ነው። ሴቶቹ ተከተሉ። አለሚቱ ሁለተኛውን ጣለች፦

«ጫንልኝ ሽንኩርቱን ከነብርቱካኑ፣
አዋሽ ላይ አድርሰው ሳይመሽ በቀኑ።»

አመታቱ እግር ውስጥ ይገባል። ያኮረፉት ወንዶች ሳይቀሩ አንገታቸው መነቃነቅ ጀመረ። ደብሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እልል አለች። ሸህ አብዱልሐሊምም ቆመው ስለነበር፣ የሰውን ወግ ላለመስበር ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው አጨበጨቡ። ሰባቱም ዘፈን አለቀ። አማኑኤል ቃለ ጉባኤውን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «የቀበሌው ነዋሪ በጭብጨባና በዘፈን ደስታውን በመግለጽ መሬቱን ለመልቀቅ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።»

«ዘፈን ተቀበልን እንጂ መሬት መቼ ሰጠን?» አሉ ሸሁ። ሰው ሳቀ። ሰውየው ወጉን ስለማያውቅ የተሳሳተ መስሏቸው፣ ሲነገረው የሚያርመው መስሏቸው ሳቁ። ዶዘሩ ከፋሲካ በኋላ መጣ።

የደብሪቱ ብርቱካን ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ተነቀለ። ልጆች ከሥር ከሥር እየለቀሙ ጨዉን ነስንሰው በሉት፤ ስንት ዓመት የተለፋበት እንዲያ አለቀ። አለሚቱ ግን ያኔ ስሟ ገነነ። የመርሳ ባጃጆች ዘፈኗን በፍላሽ እየከፈቱ ይበራሉ፤ ድንጋይ የሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች የሽንኩርቱን ወደዱ፣ ሴት ልጆች ደግሞ የመጀመሪያውን። መስከረም ካምፑ ኩሽና ገባች። ተስፋዬም መሬት ሲያጣ ለሐዲዱ በሚደለደለው መሬት ላይ ባሬላ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረና የራሱን ማሳ በድንጋይ ሲሞላ ከረመ፤ ሲሸከምም እየዘፈነ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ተበተነ። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ባቡር የለም። ፍየል ይተኛበታል። ተስፋዬ ስድስት ወር ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠና አንድ ቀን ለማሳው የተከፈለውን የካሳ ብር ወደ ዓረብ አገር ለሚያሻግር ደላላ ሰጥቶ መጣ። ደብሪቱ እግሩ ላይ ወደቀች። «እማ፣ ምን ልሁንልሽ? ምን አለኝ እዚህ?» አላት። ሰኞ ጠዋት በሐራ ከተማ በኩል ወረደ፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ። መስከረም ቤቷ አለች።

ሰው ማንንም ተሰብስቦ አልወቀሰም፣ ምንም አልመከረም። ብቻ በሸህ አብዱልሐሊም የልጅ ልጅ በዙልፋ ሠርግ፣ አለሚቱ እንደ ልማዷ ከበሮዋን ይዛ ገባችና ስንኟን ጣለች። ማንም አላነሳውም። የረሱ መስሏት ደገመችው። ሴቶቹ ሳህን ሳህናቸውን ያያሉ። አንዱ ጎረምሳ ሄዶ ቴፑን ከፈተና ዘፈን በዘፈን ላይ ሆነ። አለሚቱ ከበሮዋን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ የቀረበላትን ሳትበላ ወጣች። ዕድሜዋን ሁሉ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባት አያውቅም፤ መንገድ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የቀረቻት ደብሪቱ ብቻ ነበረች። ደብሪቱ ጨው ታበድራለች፣ ጨው ትበደራለች። ስለ ዘፈን አታነሳም። አለሚቱም ይህችን አንዲት ሰው እንዳላጣ ብላ፣ ስለ ተስፋዬ ስትጠይቅ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አለሚቱ የብዙ ሰው ኮቴ በደጇ ሲያልፍ ሰማች። ሰው አይነጋገርም፣ አይሳልም። መርዶ ነው። ቀጥሎ የደብሪቱ ጩኸት መጣ። ተስፋዬን የያዘችው ጀልባ ሰጥማለች፤ በቅርብ ካለችው ከግራና አብሮት የሄደ፣ የተረፈ ልጅ ነው የደወለው።

ለቅርብ ጎረቤት መርዶ በዋዜማው ይነገራል፤ ቀድሞ ገብቶ ሐዘንተኛዋን እንዲይዛት፣ ውሃ እንዲያቀርብላት። ለአለሚቱ አልተነገራትም። ለዘውዱ ተነግሮታል፣ ከወንዝ ማዶ ላለችው ለአሰለፈች ሳይቀር ተነግሯታል። እሷ አጥሩ ሥር ያለችው ጩኸቱን እንደ መንገደኛ ሰማችው።

በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች፣ ደጁ በሰው ሞላ።

«እማ፣ አትሄጂም?» አለች መስከረም።

«በምን ዓይኔ?»

«ካልሄድሽስ በምን ዓይንሽ ነገ ታያታለሽ?»

አለሚቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ሬሳ የለም። ወንበር ላይ የተስፋዬ ጃኬትና ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶው አለ፤ ሰው በዚያ ዙሪያ ይዞራል፣ ደረቱን ይመታል። አውራጅ ስለሌለ ግን ለቅሶው ቅጥ አጥቷል፤ አንዱ ይጀምርና ይተወዋል። እሷ ስትገባ ሰው ለሁለት ተከፈለላት፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ተቧጭሯል።

«የት ነበርሽ?» አለቻት። «ልጅሽ ሞቶ የት ነበርሽ?»

ደብሪቱ መልሷን ሳትጠብቅ ወደ ወንበሩ ጠቆመቻት።

«አውርጂለት።»

አለሚቱ ወንበሩ አጠገብ ቆመች።

«እኔ ሳወርድልህ ማን ይቀበለኛል፣
የሚያነሳልኝ ልጅ ባሕር ውስጥ ተኝቷል።»

ሰው ዝም። ሙሾ እየወረደ፣ ዋይታ እየተጠበቀ፣ ዝም። ለቅሶ ላይ ይህ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም፤ እሷም አላሰበችም።

«እሱን ተይው» አለች ደብሪቱ። «የሚወደውን በይለት። የባቡሩን።»

«ኧረ ደብሪቱ፣ ነውር ነው! ለቅሶ እኮ ነው» አለ ዘውዱ።

«ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ። ከባሕሩ ዳር ሲደውልልኝ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እማ፣ አብረውኝ ላሉት ልጆች የእታለምን ሰባተኛውን አስተማርኳቸው፤ ሲጨንቀን እሱን ነው የምንለው› አለኝ። በይለት፣ አለሚቱ። እሱን እያለ ነው የሄደው።»

አለሚቱ እንቢ ማለት ፈለገች። ደግሞ ለዚህች ሴት እንቢ የምትልበት ምን አንደበት አላት? ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ ጀመረችው፦

«ልጄ ራቀ ብለሽ እናቱ አታልቅሺ፣
ባቡሩ ያመጣዋል ድስት ሳታነሺ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ እሾህ ወጋት። ይህን ያወጣችው እሷ ናት፤ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ። ሰው አሁንም አልተቀበለም። አንድ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ።

ደብሪቱ በእጇ መሬት ተደግፋ ተነሳች። የዞረችው ወደ አለሚቱ ሳይሆን ወደ ሰው ነው።

«ተቀበሉ እንጂ!» አለች ድምፁ ባለቀ ጉሮሮ። «ያን ቀን ማን ነው ያልተቀበለ? እኔስ ነጠላዬን አስሬ እልል አላልኩም? መሬቱን የሰጠው የእሷ አፍ ብቻ ነው እንዴ? እሷን ዝም ስንላት እኛ የዳንን መሰለን? ተቀበሉ!»

ከወንዶቹ ወገን ሸህ አብዱልሐሊም ተነሱ። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ ለደብሪቱ። ከዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ «ና ባቡሩ ና» አሉ። ዘውዱ ተከተላቸው። አሰለፈች ተቀበለች። ቀስ በቀስ ደጁ ሁሉ ያዘው፤ ያን ቀን የነበረው ሰው ሁሉ፣ ደረቱን እየመታ፣ ዕንባውን ሳይጠርግ፣ «ና ባቡሩ ና» ይላል።

አለሚቱ ከሴቶቹ መሃል መስከረምን አየቻት። ልጇ ቆማለች፤ ትተነፍሳለች፤ እንደ ሰው ሁሉ ትቀበላለች። አለሚቱ ልጇ በመትረፏ ደስ አላት። በሌላ ሰው ልጅ ወንበር አጠገብ ቆማ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች፤ ስንኙንም አቋረጠች።

«ድገሚው» አለች ደብሪቱ።

ደገመችው።