የሮስኮ ነጥቦች

ዌንደል በሮስኮ መቅናት የጀመረው ገና ሰውየውን በዓይኑ ሳያየው ነው። ኖሪንን ሲያገባት ከሮስኮ ጋር ከተፋታች አራት ዓመት አልፏት ነበር። አንድ ልጃቸው ጆዲም ያኔ ኮሌጅ ገብታለች። ከዚያ ወዲህ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዌንደል በዴይተን ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሰው ስለ ሮስኮ ቢያነሳበት “ደህና ሰው ነው” ይላል። ይህን ሲል ግን ድምፁ የሰው ልብስ እንደለበሰ ሰው ይጨንቀዋል።

ለብዙ ዓመት ተኝቶ የነበረውን ቅናት የቀሰቀሰችው የጆዲ ልጅ ማርሊ ናት። ማርሊ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ዌንደል፣ የብስክሌቷ ሰንሰለት ሲወልቅ የሚመልስላት ዌንደል፣ አተር ከሳህኗ ላይ ለቅሞ የሚያነሳላት ዌንደል ነው። የምትጠራው ግን በስሙ ነው። “አያቴ” የምትለው ሮስኮን ነው። ሮስኮ የሚኖረው ሩቅ፣ አሪዞና ውስጥ ነው። በዓመት አንዴ፣ ሐምሌ ሲመጣ፣ እሷንና እናቷን ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ወስዶ አንድ ሳምንት ያዝናናቸዋል። የአንዷ ሳምንት ወሬ እስከ ጥቅምት አያልቅም። አያቴ ከበረንዳ ላይ ሆኖ ዶልፊን አሳየኝ፤ አያቴ ከትልቁ የውኃ ሸርተቴ ላይ አብሮኝ ወረደ፤ የአያቴ ቤት ሦስት መኝታ ቤት አለው።

“የራሱ ቤት ነው እንዴ?” አላት ዌንደል አንድ ቀን መኪና ውስጥ።

“አይ፣ ነጥብ ነው ያለው።”

“የምን ነጥብ?”

“እንጃ። ብዙ ነው ግን።”

ያቺ “ብዙ ነው ግን” ለሳምንታት ጆሮው ላይ ተጣብቃ ቀረች።

የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ። ኦርላንዶ ሆቴል ውስጥ ሁለት ሌሊት በነፃ፣ በአንድ ግዴታ ብቻ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ ስለ አንድ የዕረፍት ቤቶች ክለብ አባልነት መስማት። ኖሪን ልትጥለው ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ስትሄድ ዌንደል ከእጇ ተቀበላት። ደብዳቤው ጥግ ላይ ያለውን ምልክት ያውቀዋል፤ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ፎቶ ማርሊ የተጠቀለለችበት ፎጣ ላይ አለ። ለኖሪን ግን ብርዱ ሰልችቶኛል ነው ያላት። እሷም ትንሽ አየችውና ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች።

ኦርላንዶ፣ የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛው ባልና ሚስት ከነሻጫቸው ተቀምጠዋል። የነሱ ሻጭ ካሪሳ የምትባል ሠላሳ የሚሆናት ትሁት ሴት ነበረች። ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍለው አባል ይሆናሉ፤ ክለቡ በየዓመቱ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በነጥቡ ዘንድሮ ባሕር፣ ከርሞ ተራራ፣ ካሻቸው ሌላ አገር ያለ የክለቡ ቤት ይይዙበታል። ጠባብ የሆቴል ክፍል ቀርቶ ኩሽና ያለው ሰፊ ቤት ነው። ያልሠሩበት ነጥብ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ኖሪን የንባብ መነጽሯን አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። ዕድሜዋን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰች ሴት ናትና ነገር አታልፍም። ባንሄድስ? ብትል፣ ቢሄዱም ባይሄዱም የዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ይጨምራል? አዎ፣ በየጊዜው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ? ያኔ ያው ሳምንት እጥፍ ነጥብ ይፈጃል፣ ያውም አንድ ዓመት ያህል አስቀድመው ካልያዙት አይገኝም። ብንሰለችና መሸጥ ብንፈልግ? እዚህ ላይ ካሪሳ ውኃዋን ጠጣች። ገዢ በቀላሉ አይገኝም አለች፤ ሐቀኛ ልጅ ነበረች። ኖሪን ሁሉንም በፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈች። ጥሩውንም አልዘለለችውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካልገዛን ከቤታችን ንቅንቅ አንልም ብላ እሱንም መዘገበች።

ዌንደል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። “አንድ ሰው በሐምሌ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ሦስት መኝታ የሚያገኘው የት ደረጃ ላይ ቢሆን ነው?”

“ብር ደረጃ ላይ ይሆናል፣ ጌታዬ።”

“ከብር በላይስ?”

“ወርቅ አለልዎት።”

“እሱን አሳዪኝ።”

ኖሪን መነጽሯን አወለቀች። ካሪሳ ወረቀቱን ልታመጣ ስትነሳ ወደ ባሏ ዞረች። “ሮስኮ ብር ነው ማለት ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“ታውቃለህ እንጂ። እንግዲያው ራሱን እንጠይቀው። አስራ ሁለት ዓመት የያዘው ሰው እያለ ሻጭ ምን ያደርግልናል?”

እምቢ ሳይላት ስልኳን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ዌንደል ቃሏን አይሰማም፤ ያያታል ብቻ። መጀመሪያ ታዳምጥ ነበር፤ አንድ ሁለቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዌንደል ኖሪን ስትስቅ አይቷል፤ ከሱም ጋር ብዙ ስቃለች። ይህ ግን የሚያውቀው ሳቅ አልነበረም። እሱ ያልደረሰባት የሃያ ዓመት ልጃገረድ ሳቅ ነበር። ነጥቡም፣ ዶልፊኑም፣ ሦስቱ መኝታ ቤትም ከልቡ ወጡና ያ ሳቅ ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ።

ተመልሳ ሮስኮ ያለውን ነገረችው። አትግዙ ብሏል። ክፍያው እሱ ከገባ ወዲህ እጥፍ ሆኗል። ነጥቡ እንዳይባክን ሲል አስራ ሁለት ዓመት ከክለቡ ቤት ሌላ የትም አልሄደም። ጆዲን ላውርስሽ ቢላት ይቅርብኝ ብላዋለች። ከፈለጋችሁ የኔን በነፃ ውሰዱልኝ ብሏል።

“ታዲያ ምኑ ነው ያሳቀሽ?” አለ ዌንደል።

“ምን?”

“ሳቅሽ እኮ።”

“ኦ! እኔና እሱ እንደተጋባን ያደርንባት ድንኳን ትዝ ብላው ነው። ዝናብ ወስዷት…”

“የሮስኮን ትራፊ አልፈልግም” አለና ወደ ካሪሳ ዞሮ እስክሪብቶ ጠየቃት።

ወርቁን ፈረመ። የባንክ ካርዱንም ሰጠ። ኖሪን ሁሉም እየጠበቃት ወረቀቱን ገጽ በገጽ አንብባ ጨርሳ እሷም ፈረመች። መኪና ውስጥ ሲገቡ ለምን እንደፈረመች ጠየቃት።

“እምቢ ብልህ ሮስኮን ሰምታ ነው እያልክ ዕድሜ ልክህን ትኖራለህ” አለችው። “ደግሞ በአስር ቀን ውስጥ በደብዳቤ መሰረዝ ይቻላል። ገጽ አስራ አራት ላይ አለ።”

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችውም።

ዴይተን በገቡ በአራተኛው ቀን ዌንደል ማርሊን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ ወሬውን አበሰራት። ቃሉን ሲያሰማምር ነበር የሰነበተው። ልጅቱ ወንበሯ ላይ ዘለለች። የውኃ ሸርተቴ አለው ወይ? አለው። ዶልፊንስ? ሳይኖር አይቀርም። ስንት ሰው ይይዛል? ስምንት።

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። “እናቴ፣ እኔ፣ አያቴ ኖሪን፣ አንተ። ከዚያ አያቴ ሮስኮ። ገና ሦስት ይቀራል!”

“ሮስኮ የራሱ አለው አይደል?”

“አዎ፣ ግን እኛ አንተ ጋ ከሆንን እሱ ብቻውን እዚያ ምን ያደርጋል?”

ዌንደል መሪውን እንደጨበጠ፣ እሱ በከፈለበት ኩሽና ሮስኮ በቁምጣ ሆኖ እንቁላል ሲጠብስ ታየው። ኖሪንም በረንዳው ላይ ያን ሳቋን ስትስቅ ታየችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

ቤት ገብቶ ደብዳቤውን መጻፍ ጀመረ። ኖሪን በትከሻው በኩል አንብባ አንዲት ፊደል አረመችለትና ጎኑ ተቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄዶ በአደራ ላከው፤ ገንዘቡም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ።

ደብዳቤውን የጻፈ ዕለት ግን፣ ፖስታውን ከዘጋ በኋላ፣ “የድንኳኗን ነገር ነግረሽኝ አታውቂም” አላት።

“ጠይቀኸኝስ ታውቃለህ? ስሙን ሳነሳ ፊትህ ይጠቁራል፤ ተውኩት። አስራ ሰባት ዓመት የኖርኩበት ትዳር ነው ዌንደል፤ ሁሉም ክፉ አልነበረም።”

“በይ ንገሪኝ።”

ነገረችው። መጀመሪያ ዓይኑን ፖስታው ላይ ተክሎ ሰማት፤ ሮስኮ ባንድ እግር ጫማ ድንኳኗን ሲያባርር የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሳያስበው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያኛው ሳቅ ነው አይደለም ብሎ አዳመጠ። አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ሮስኮ እንደ ልማዱ መጥቶ ማርሊንና እናቷን ወሰዳቸው። በነሐሴ ዌንደል ሚቺጋን ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር ባለሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ለአምስት ቀን ተከራየ። ሁለቱን ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ማርሊ ክንድ የሚያህል ዓሣ ያዘች። ወዲያው ስልክ አንስታ ለሮስኮ ደወለች፤ “አያቴ፣ እኔና ዌንደል ምን እንደያዝን ታውቃለህ?”

ዌንደል የተጠላለፈ ክር የሚፈታ መስሎ ጆሮውን አቆመ። ጨርሳ ስልኩን ስትዘጋ፣ “ምን አለሽ?” አላት።

“ዓሣ ማጥመድ እኔም እወድ ነበር፣ ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም አለ። ትንሽ የከፋው ይመስላል።”

ዌንደል ራሱን ወደ ክሩ ደፋ። ልቡ ውስጥ የተሰማው ነገር አሳፈረው፤ በስድሳ ሰባት ዓመቱ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊሰማው አይገባም። ቢሆንም ደስታ ነበር፤ ጥርት ያለ ደስታ።