ያልተመቱት ልጆች

«እጃቸውን ተማሪ ላይ አንስተው አያውቁም» አለ ከሟቹ የቀድሞ ተማሪዎች አንዱ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ ጠበቃ። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ርዕሰ መምህር ከእንግዲህ በፋኖስ ቢፈለግም አይገኝም ተባባሉ።

ታላቋ ልጅ የቡናውን ትሪ እንደያዘች ቆም ብላ ሰማች። አባቷን ትወደው ነበር። ሒሳብ ያስተማራት እሱ ነው፤ በከተማው አስተዳደር የበጀት ባለሙያ ሆና የተቀጠረች ቀንም ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ ያበሰረው እሱ ነው። ወደ እናቷ ስትዞር ግን እናቷ ወለል ወለሉን ታያለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ብድግ ብሎ ወጣ። ብረት በያጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ጭምቱ ይሉታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቃል ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው እየተባለ ይቀለድበታል።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ መጣ። እናትየዋን አጽናንቶ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ በረንዳው ላይ ስትሸኘው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለቅሶ ቤት የሥራ ወሬ ማንሳት ነውር መሆኑ አይጠፋውም፤ ግን ምክር ቤቱ በሚመጣው ሳምንት ይሰበሰባል። እሷ ያቀረበችው ሐሳብ በቢሮው ስብሰባ አልፎ ለምክር ቤቱ ተልኳል። እናቶቻቸው ሲደበደቡ እያዩ ያደጉ ልጆች የሚረዱበት ቤት ከአዲሱ በጀት ይሰረዛል። ምክንያቱን የጻፈችው እሷው ነበረች፦ ለተደበደቡት ሴቶች መጠለያ አለ፤ ለተደበደቡ ልጆችም ሕክምና አለ፤ ያልተመቱትን ልጆች በሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ሥዕል ማሳል ግን ቅንጦት ነው።

«አንድም ሰው አልተከራከረም» ብሎ አመስግኗት ሄደ።

ስትመለስ ጭምቱ ከበረንዳው ጥግ ተቀምጧል። ሰምቷል። ወደ ወጥ ቤት ተከተላት፤ እሷ ስኒውን ስታጥብ እሱ እየተቀበለ ያደርቅ ጀመር።

«ያንን ቤት ለምንድን ነው የምትዘጉት?»

ለምክር ቤቱ የጻፈችውን ነገረችው። ከዚያ ሳታስበው ጨመረች፤ «እኛንስ አባዬ መች ነክቶን ያውቃል? ይኸው ደህና አደግን አይደል?»

ይህ ነገር በመካከላቸው በቃል ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር። ልጆች ሳሉ አባትና እናት መኝታ ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ፣ እሷ የሒሳብ ደብተሯ ላይ ትደፋለች። ጭምቱ ከጠረጴዛዋ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚቷን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። እሷም ከመኝታ ቤቱ የሚወጣው ድምፅ እንዳይሰማው ብላ የማባዛት ሠንጠረዡን ጮክ ብላ ትደግምለታለች። በማግሥቱ አባታቸው ጫማውን እየወለወለ ያፏጫል፤ እናታቸው እጀ ሙሉ ልብስ ለብሳ ቁርስ ታቀርባለች። ልጅቷም የባልና ሚስት ነገር ነው ብላ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አደገች።

«አንቺ ደህና አደግሽ» አለ ጭምቱ፣ ዓይኑን ከስኒው ሳያነሳ። «እኔ ሚስቴ ክዳን ከእጇ ሲወድቅ እንኳ ደንግጬ ከቤት እወጣለሁ። ልጅ እንውለድ ብላ ስትለምነኝ እምቢ የምለው ለምን ይመስልሻል? ማንንም መትቼ አላውቅም። ግን እጄ የእሱን እጅ ይመስላል።»

ያን ጊዜ ነው እናታቸው በሩ ላይ መቆሟን ያዩት።

«ትሰሙ ነበር?» አለች።

ሁለቱም አቀረቀሩ።

«ድምፄን ውጬ ነበር እኮ። እናንተ እንዳትሰሙ ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ጮኼ አላውቅም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንባ ጠብ ያላለላት ሴት፣ በነጠላዋ አፏን አፍና አለቀሰች። ያለቀሰችው ለማን እንደሆነ ልጆቿም አልጠየቋት።

በማግሥቱ ታላቋ ልጅ አለቃዋ ጋ ደወለች። ሐሳቧን መሳብ እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱም ወረቀቱ ከእጁ መውጣቱንና ከፈለገች ራሷ ምክር ቤቱ ፊት ቆማ ተሳስቻለሁ ማለት እንዳለባት መለሰላት። ምን ምክንያት እንደምትሰጣቸውም ጠየቃት።

«ከእነዚያ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ» አለችው።

አለቃዋ፣ ቤቱ ይተርፋል ብሎ ቃል ሊገባላት እንደማይችል፣ እንድትናገር ግን ተራ እንደሚያሲዝላት በለሰለሰ ድምፅ ነገራት።

ወደ ሳሎን ስትገባ ጭምቱ ሶፋው ላይ ጉልበቱን አጥፎ እንቅልፍ ወስዶታል። እናታቸው ከራስጌው ተቀምጣለች። በዚያው ቅጽበት የሟቹ የአክስት ልጅ ከሩቅ አገር ደርሳ፣ ከደጅ ጀምራ «ወንድሜን!» እያለች ጩኸቷን ለቀቀችው። ለቀስተኛው ሊቀበላት ግልብጥ ብሎ ወጣ።

እናትየዋ አልተነሳችም። ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ ሁለት መዳፎቿን ቀስ አድርጋ ጆሮዎቹ ላይ ጫነች፤ ልቅሶው እስኪበርድም አላነሳቻቸውም።