«ጠገብኩ» በሉ

ከሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከችው ሴትዮ በራችንን ያንኳኳችው ልክ ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ሆን ብላ ነው እንጂ እንዲህ ያለ አጋጣሚ የለም። ቀደም ብላ ብትመጣ «ገና አልደረሰም» እንላለን፣ ዘግይታ ብትመጣ «አሁን በልተን ተነሣን» እንላለን። ይህን አውቄባት ገና በሩ ላይ ሳለች ጠመድኳት።

የመጣችው በድንቢጥ ጉዳይ ነው። ድንቢጥ የሚስቴ የሟች እህት ልጅ ናት። የወጣላት ስም ሌላ ነው፣ ግን ከሰውነቷ ማነስ የተነሣ ሁሉም ድንቢጥ ይላታል። እናቷ አባቷን ተከትላ ካረፈች ጀምሮ እኛ ጋ ናት። አሁን የአባቷ ወንድም፣ የቆርቆሮ ነጋዴው፣ «ልጅቷ ጎሚስታ ቤት እየተራበች ነው፣ ለእኔ ትሰጠኝ» ብሎ አመለከተ። ጎሚስታው እኔ ነኝ። ጎማ ስለጥፍ እውላለሁ፣ እጄ ቢታጠብም ጥቁር ነው፣ እሱ ደግሞ ባለፎቅ ነው። ሴትዮዋ ዛሬ አይታ «ትቆይ» ካለች ትቆያለች፣ «ትሂድ» ካለች ትሄዳለች። ሚስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም።

«ይግቡ፣ ይግቡ! በደህና ሰዓት ነው የደረሱት» አለች ሚስቴ፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ የተለጠፈ እየመሰለ። ሴትዮዋ ድንቢጥ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ሚስቴን ተከትዬ ማድቤት ገባሁ።

ያለችን ፎርማጆ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው።

«በዚህች አራት ሰው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንተ ጎማህን ለጥፍ፣ ይህን ለእኔ ተወው።»

እውነት ለመናገር በዚህ አትታማም። ርካሹንና ለስላሳውን ፎርማጆ አትገዛም። ደረቁንና ያረጀውን ነው የምትገዛው፣ ከእሱ ቁንጥር ከዚያኛው እፍኝ ይጣፍጣል ትላለች። ኮምጣጤ ባረጠበው ጨርቅ ስለምትጠቀልለው ሻጋታ አይደፍረውም። ቅርፊቱንም አትጥልም፣ መኮሮኒው የሚቀቀልበት ውኃ ውስጥ ትጨምረዋለች። ይህችን የክብሪት ቀፎ ከማቀዝቀዣ እንደ ድንጋይ ደርቃ ሳለች አወጣቻትና በመፈቅፈቂያው በደቃቁ በኩል ወረደችባት። ተፈቅፍቃ ስታልቅ ሳህን ሞላች። ግማሹን በወተትና በዱቄት በሠራችው ሶስ ውስጥ፣ ጣዕሙን እንዲያጎላው ከትንሽ ሰናፍጭ ጋር አማሰለችው። ሶሱን መኮሮኒው ላይ አፍስሳ የቀረውን ላይ ላዩን ነሰነሰችው፣ ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። ምድጃ ገብቶ ሲወጣ ያየው ሰው ጓሯችን ላም የታሰረች ይመስለዋል።

ይህም ሆኖ የማይበቃበት ቀን አለ። ለዚያ ሚስቴ ሌላ ዘዴ አላት። እንግዳ ባለበት ምግቡ እንደማያዳርስ ስታይ የጆሮዋን ጫፍ ነካ ታደርጋለች። ያን ጊዜ እኔና ድንቢጥ «ጠገብኩ» ብለን ሹካችንን እናስቀምጣለን። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ብዙ ጊዜ ስለምረሳ በጠረጴዛው ሥር እርግጫ ይደርሰኛል። ድንቢጥ ግን ረስታ አታውቅም። ሆዷን እያሻሸች «ኡፍ፣ ልፈነዳ ነው!» ስትል እኔ ራሴ አምናታለሁ።

«ዛሬ ጆሮ የለም» አለችኝ ሚስቴ ትሪውን እያነሣች። «እስኪበቃት ትብላ።»

«ንገሪያታ!»

«ሴትዮዋ ጎኗ ተቀምጣ እንዴት አድርጌ ልንገራት? እኔ ካልነካሁ እሷ ትበላለች።»

ቀረበ። ለሴትዮዋ አነሣችላት፣ ለድንቢጥ ደግሞ ከሁላችን የሚበልጠውን ቆርሳ ሰጠቻት። ልጅቷ ሹካዋን ጨብጣ ጀመረች። እኔ እሷን እሷን አያለሁ።

«ልጅቷ ዛሬ ቁርስ ምን በላች?» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ።

«ቁርስ... ዳቦ። በሻይ። ወተትም...» ሚስቴ ተንተባተበች። ተንተባትባም አልቀረች፣ እጇ ከጭኗ ተነሥታ የጆሮዋን ጫፍ ያዘች። የጨነቀው ሰው እጅ የሚያርፍበት አያጣም፣ የእሷ እዚያው የለመደው ቦታ ሄዶ አረፈ። አላወቀችውም። እኔ ግን አየሁት። ድንቢጥም አየችው።

«ጠገብኩ» አለች ድንቢጥና ሹካዋን አስቀመጠች።



«ሁለቴ እኮ ነው የጎረስሽው» አለች ሴትዮዋ።

«ኡፍ፣ ልፈነዳ ነው!» ሆዷን አሻሸች። ከሌላው ቀን ሁሉ አሳምራ ነው ያሻሸችው፣ እንግዳዋ ትልቅ ሰው መሆኗ ገብቷታል።

«ብዪ እንጂ የኔ እናት» አለች ሚስቴ። ያቺ የተረገመች እጅ ግን አሁንም ጆሮዋ ላይ ናት። ለድንቢጥ፣ በአፍ የሚባለው ለእንግዳ ነው፣ በጆሮ የሚባለው ለቤተሰብ ነው። ልጅቷ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

ሚስቴን ላነቃት ብዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ሰነዘርኩ። ያገኘሁት የሴትዮዋን ቅልጥም ነው።

«ይቅርታ! እግሬ... ይቅርታ» አልኩ። ድንቢጥን «ብዪ አንቺ ልጅ!» ብላት «ጋሼ ዛሬም ረሳ» በሚል ዓይን አዝናልኝ አየችኝ።

ሴትዮዋ ሹካዋን አስቀመጠች። የልጅቷን ቀጭን ክንድ አየች፣ ከዚያ ሚስቴን አየች።

«ሁሉም ብዪ ይልሻል፣ አንቺ ግን አክስትሽን አይተሽ ነው የምታቆሚው። አትብዪ ያለሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለች ድንቢጥ ፈጥና። ፍጥነቷ ጨረሰን።

«በቃኝ፣ የማየውን አይቻለሁ» ብላ ሴትዮዋ ቦርሳዋን አነሣች።

«አይሂዱ!» ሚስቴ ተነሣች። ያኔ ነው እጇ የት እንዳለች ያወቀችው፣ እሳት እንደነካው ሰው መንጭቃ አወረደቻት። «እኔ ነኝ። ጆሮዬን ስነካ ጠገብኩ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ እንዳናፍር ብዬ ነው። ዛሬ ግን ስለጨነቀኝ ነው እንጂ፣ እናቴን፣ አትብዪ ማለቴ አልነበረም!»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ይናገራል?

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «እንግዲያው አሁን በደንብ ይንገሯት» አለች።

ሚስቴ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ድንቢጥዬ፣ የጆሮው ነገር ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ የለም። እስክትጠግቢ ብዪ።»

ድንቢጥ እጆቹን ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ በላች።

እንዲያ ስትበላ አይቻት አላውቅም። የራሷን ጨርሳ የሳህኑን ጠርዝ በሹካ ፋቀች። ሚስቴ የራሷን ገፋችላት፣ እሱንም በላችው። የእኔንም ሰጠኋት።  አፈርኩ። ይህች ልጅ «ልፈነዳ ነው» እያለች ስንቱን ቀን ባዶ ሆዷን አሻሽታለች? 

ሚስቴ እንባዋን አልጠረገችውም። «ይጻፉት» አለች። «አጎቷ ዋሽቷል አልልም። ልጄን ርቧታል።»

ድንቢጥ ማኘኳን አቆመች። «አጎቴ ቤት ፎርማጆ አለ?»

 ሚስቴ «አለ የኔ እናት። ሞልቷል» አለቻት። እንዲያ ስትል ልጅቷን በገዛ እጇ አሳልፋ እንደሰጠች ለሁላችንም ገብቶናል።

ድንቢጥ አሰበችበት። «ታዲያ ለምን አይልክልንም?»

 ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ልኮ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«መጥቶስ አይቷት ያውቃል?»

«መንገድ ላይ በመኪና አልፎኛል» አለች ድንቢጥ። «እጄን አውለበለብኩለት።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕር አወጣች። «እስቲ ቅድም ስለ ፎርማጆው ያልሽውን ድገሚልኝ» አለቻት፣ ልጅቷም ደገመችላት፣ ሴትዮዋም ቃል በቃል ጻፈች። ከዚያ ለእኛ እንዲህ አለች፦ «አጎትየው መሥሪያ ቤት ይጠራል። መርዳት ከፈለገ እዚህ ድረስ ያምጣ። ልጅቷ ትቆያለች፣ እኔም እየመጣሁ አያለሁ፣ በምሳ ሰዓት።»

ሚስቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ሴትዮዋ ያልተነካ ሳህኗን ወደ ልጅቷ ገፋችው፣ ድንቢጥም ማናችንንም ቀና ብላ ሳታይ ተቀብላ መብላቷን ቀጠለች።