ለዛሬ የማይሠራ ኬብል

አዛናው ወረታ መናኸሪያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ሬዲዮና ማጉያ ሲጠግን ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ጣጠኛ ኬብል ግን ገጥሞት አያውቅም። የጊታርን ድምፅ ሲንተሳይዘር ወደሚባለው ድምፅ ለዋጭ ሣጥን የሚያደርሰው ይህ ኬብል ጫፉ ላይ መርፌ የሚያካክሉ አሥራ ሦስት እግሮች አሉት። ግማሾቹ ሽቦዎች ተበጥሰዋል። ባለቤቱ ማረው ደግሞ ሰርግ ላይ ጊታር የሚመታ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ልጅ ነው፤ ማታ ሐሙሲት ሰርግ አለበት።

"ጋሽ አዛናው፣ አልደረሰልህም? ሙሽሮቹ እኮ ሊያረጁ ነው!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለው አዛናው፣ ዓይኑን ከመበየጃ ካውያው ሳያነሳ።

ማረው ሳቀና ሲንተሳይዘሩን በሹራቡ እጅጌ ወለወለው። ታላቅ ወንድሙ ሰውመሆን መተማ እየነገደ የገዛለት ነው። ጊታር ሲመቱበት ዋሽንት የሚሆን፣ ሲያሻው ማሲንቆ የሚሆን ጉደኛ ሣጥን! በፎገራ ሜዳ እሱን የመሰለ የለም። "ለፋሲካ ሲመጣ እፊቱ ቁጭ ብዬ እመታለታለሁ" እያለ ሲያወራ የአዛናው ስልክ ጠራ።

የማረው አጎት አቶ በላቸው ነበሩ፣ ከይፋግ። የልጁን ስም ሲያነሱ ድምፃቸው ደስ ስላላለው አዛናው ወደ ውጭ ወጣ።

"አንተ ብቻ ስማ። ሰውመሆን ሙቷል። ንዳድ ነው አሉ፤ እዚያው መተማ ቀብረውታል። መርዶውን ነገ ጎህ ሲቀድ እዚሁ ይፋግ ለእናቱ እንነግራለን፤ ማረውም ከእናቱ ጋር ሁኖ ይስማ። ብቻ ሰርግ እንዳይሄድብን! እንደምንም ብለህ ወደ እናቱ ቤት ስደድልን። ትንፍሽ እንዳትል።"

"እሽ፣ ጋሼ።"

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የአዛናው ሆድ ግን ያን ሰዓት ጠበበው። ሰውመሆን ወረታ በመጣ ቁጥር እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያሾፍበት የሚውል ወዳጁ ነበር። ማረው ወንድሙ አፈር ገብቶ እሱ ሲያስጨፍር ቢያድር፣ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይረግማል። እንዳይነግረው ደግሞ መርዶ ሽማግሌ አለው፣ ሰዓት አለው፤ በወገን መሃል ይነገራል እንጂ መንገድ ዳር አይወረወርም። መላው አንድ ብቻ ነው፤ ኬብሉ ዛሬ መሥራት የለበትም።

ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፅ ከሚያስተላልፉት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይሮ ሊበይዳቸው አሰበ። ድምፁ እንቢ ይላል፤ ማረው ተስፋ ቆርጦ እናቱ ቤት ይገባል፤ ከሐዘኑ በኋላ ቀስ ብሎ ያስተካክልለታል። ዓይኑ ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር። የእግሮቹ ተራ ከፊት ሲያዩትና ከኋላ ሲበይዱት እንደሚገለበጥ ለስንቱ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ዛሬ ራሱ ረሳው። ከኋላ ሆኖ እንደ ፊቱ ቆጠረ። ያቀያየረው የድምፁን ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ሽቦዎች ነበር።

"እስቲ ሞክረው" አለ።

ማረው ኬብሉን ሰክቶ ማብሪያውን ተጫነ። የሲንተሳይዘሩ መብራት ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው ከጎኑ ጭስ ወጣ። ሱቁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አዛናው ሶኬቱን መንጭቆ ነቀለና ክዳኑን ፈታው። ውስጡ ከስሏል፤ የሚጠገን ነገር አልቀረውም።

የሟቹን ስጦታ በገዛ እጁ አቃጠለው። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ማረው መጀመሪያ ክው ብሎ ቆመ፤ ኋላ ግን የትልቅ ሰው ልቅሶ አስደነገጠው። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

"ምን ሁነሃል ጋሽ አዛናው? ዕቃ አይደል እንዴ! ሰርጉም ይቅር፣ እኔም እማዬ ዘንድ ልደር። አይዞህ፣ ሰውመሆን ሌላ ይገዛልኛል።"

ጊታሩን አንግቶ የይፋግ መኪና ፍለጋ ወጣ። አዛናው ካውያውን ነቀለ። ጎህ ሲቀድ ከመርዶ ሽማግሌዎቹ ጋር ይፋግ፣ የማረው እናት ደጅ መቆም አለበት።